አኖዳይዝ ያደረግኩት አሉሚኒየም ሲፈላ ቀለሙን ይለቃል፤ ምን ይሻላል?

ክራር ሠሪ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም። ቤቴ ውስጥ የኤሌክትሪክ ክራር እሠራለሁ። እንጨቱን አውቀዋለሁ፤ የሚያስቸግረኝ ብረታ ብረቱ ነው። በርኩማውን (ክሮቹ የሚያርፉበትን ድልድይ)፣ የመቃኛዎቹን መያዣና የቮልዩም ማዞሪያዎቹን የማወጣው ከአሉሚኒየም ነው። ጥሬውን ስተወው በእጅ ላብ ቶሎ ይደበዝዛል፣ የተጫዋቹንም ጣት ያጠቁራል። ስፕሬይ ቀለም ደግሞ ክሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ወዲያው ይላጣል። ለዚህ ነው አኖዳይዝ ወደማድረግ፣ ማለትም በአሲድና በኤሌክትሪክ የአሉሚኒየሙን ላይ ወደ ኦክሳይድ ሽፋን ወደመለወጥ የገባሁት።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ከባትሪ ቤት የገዛሁትን አሲድ አንድ እጅ ለሁለት እጅ ዲስቲልድ ዋተር አቅጥኜ በፕላስቲክ ባልዲ አደርጋለሁ። ኔጌቲቩ ላይ ከመስኮት ፍሬም የተቆረጠ አሉሚኒየም፣ ፖዘቲቩ ላይ ዕቃው አለ። የማንጠለጥለው በመዳብ ሽቦ ነው፤ አሲዱን የሚነካው ጫፉ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩን 15 ቮልት ላይ አድርጌ 45 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ ቀለም ውስጥ፣ ከዚያ ድስት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይፈላል።

ከመስኮት ፍሬም የቆረጥኳቸው የበርኩማ ሳህኖች ቀለሙን ግሩም አድርገው ይቀበላሉ፣ ደማቅ ቀይ ሆነው ነው የሚወጡት። የፈላ ውሃ ውስጥ ስከታቸው ግን ውሃው ይቀላና እነሱ ሮዝ ሆነው ይቀራሉ። ማዞሪያዎቹ ደግሞ ከምናለሽ ተራ የገዛሁትን ፒስተንና ቸርኬ አስቀልጬ ካስፈሰስኩት ዘንግ በቶርኖ የወጡ ናቸው። እነዚያ ከአሲዱ የሚወጡት ግራጫ ሆነው ነው፤ ቀዩ ቀለም ላያቸው ላይ ጥላሸት ይመስላል። አልፎ አልፎም መሃል ላይ አምፔሩ ዜሮ ይገባና ዕቃው ቀለም የሚባል ነገር አይዝም።

ቀለሙን ልቀይር ወይስ አሲዱን ላወፍረው? የምታውቁ እባካችሁ።

መካኒኩ

ወንድሜ፣ የበርና መስኮት ፍሬም የሚቀቡ ፓውደር ኮቲንግ ቤቶች (የዱቄት ቀለም ረጭተው በሙቀት የሚያጋግሩ) ወስደህ ብትሰጣቸው አይቀልህም? አሲድ ቤት ውስጥ ማስገባት ደስ አይልም፤ በተለይ ልጆች ካሉ።

ጋሽ ቶርኖ

ፓውደር ለመስኮት ጥሩ ነው፤ ለእሱ ዕቃ አይሆንም። ፓውደር የሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ውፍረት ስላለው የብሎን ጥርስና የማዞሪያ ቀዳዳ ይደፍናል። አኖዳይዝ 20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) ቢሆን ነው፤ ከዚያም ወደ ውጭ የሚያድገው ሲሶው ግድም ብቻ ነው፣ የቀረው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ጥርሱ አይነካም። ለትንንሽ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ይህ ልጅ የያዘው መንገድ ትክክለኛው ነው።

ወንድሜ ክራር ሠሪ፣ ቀለሙንም አሲዱንም አትንካ። በ1.28 ዴንሲቲ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ በክብደት 37 በመቶ ያህሉ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። አንዱን ለሁለት ስታቀጥነው በሊትር 160 ግራም አካባቢ ይሆንልሃል፤ ፋብሪካ የሚሠራበትም ልክ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰው ቀለም ሲለቅበት መጀመሪያ የሚያማው ቀለሙን ነው፣ ቀጥሎ አሲዱን። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ጥፋቱ ያለው ድስቱ ላይ ነው።

ከሥሩ ላስረዳህ። አሲዱ ውስጥ ኤሌክትሪኩ የአሉሚኒየሙን ገላ ራሱን ወደ ኦክሳይድ ይለውጠዋል። ከላይ የተለጠፈ ነገር ስለሌለ አይላጥም። ይህ ኦክሳይድ እንደ ማር ሰፈፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፤ የአንዱ ቀዳዳ ስፋት የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ ግድም ይሆናል። ቀለሙ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። በኋላ ትኩስ ውሃ ሲያገኘው ኦክሳይዱ ውሃ ይዞ ያብጥና የቀዳዳዎቹ አፍ ይገጥማል፣ ቀለሙም እዚያው ታስሮ ይቀራል። መዝጋት የምንለው ይህንን ነው። ለዚህ የሚፈለገው ሙቀት ከ96 እስከ 100 ዲግሪ ነው። ከ95 በታች ሲሆን ማበጡ ይዘገያል፤ አፉ እስኪገጥም ቀለሙ ወደ ውሃው እየወጣ ያልቃል።

አሁን ድስትህ ውስጥ ቴርሞሜትር ክተትና እይ። የቱንም ያህል ቢንተከተክ 92 ዲግሪ ግድም ላይ ይቆማል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው ገና ሳይግል ይፈላል። እሳት ብትጨምርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ አይግልም። ድሬዳዋ ብትሆን 96 አካባቢ ታገኝ ነበር፣ አዳማ 94። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ዝቅ ባለ አገር ስለሚኖሩ «አፍሉት» ብለው ብቻ ያልፉታል። ለእነሱ መፍላትና 100 ዲግሪ አንድ ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም። ሸገር ላይ ስንት ጎበዝ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ እንደተወው ሳስብ ይቆጨኛል፤ ሥራው አልከበደውም፣ የሚነግረው ሰው ነው ያጣው።

መፍትሔው ፕሬዠር ኩከር ነው። ሥጋ የሚቀቅለው ያው ድስት። ከሥሩ ሁለት ጣት ዲስቲልድ ዋተር ታደርጋለህ፣ ዕቃውን ውሃው እንዳይነካው ከፍ ባለ ወንፊት ላይ ወይም በሽቦ ተንጠልጥሎ ታስቀምጠዋለህ። የሚዘጋው እንፋሎቱ ነው። ድስቱ ሲታፈን ሙቀቱ አዲስ አበባም ሆኖ ከ110 ዲግሪ ያልፋል፤ ዕቃው ውሃ ውስጥ ስላልተነከረም ቀለሙ የሚሄድበት የለውም። ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ ነጠብጣብ እንዳይተውበት ከላዩ እንደ ዳስ የታጠፈ ፎይል አድርግለት። እንፋሎቱ በደንብ መውጣት ሲጀምር ክዳኑ ላይ የሚቀመጠውን ክብደት አድርግበት፤ ለ18 ማይክሮን ሽፋን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ በቂ ነው። ከዚያ እሳቱን አጥፍተህ ራሱ እስኪተነፍስ ጠብቅ፤ በግድ አትክፈተው። ያ ድስት ከዚያ ወዲያ ወደ ማጀት አይመለስም። ወይ አሮጌ ግዛ፣ ወይ የቤቱን ከወሰድክ አዲስ ተካላቸው።

ኒኬል አሲቴት የሚባል በ80 እና በ85 ዲግሪ መካከል የሚዘጋ ጨው አለ፤ ፋብሪካዎች ይጠቀሙበታል። የኒኬል ጨው ካንሰር አምጪ ነው። ቤት ውስጥ አልመክርህም።

አምፔሩ ዜሮ የሚገባው በመዳቡ ሽቦ ነው። መዳብ ፖዘቲቭ ሆኖ አሲዱን ሲነካ ይሟሟል፣ ተበልቶ ሲያልቅም ዕቃውን መያዙን ይተዋል፤ እስከዚያው ኤሌክትሪኩን ለራሱ ይወስዳል፣ አሲድህንም ያበላሻል። «ጫፉ ብቻ ነው» አትበል፣ ጫፉም ይበቃል። ከዚያው ከመስኮት ፍሬም ቀጭን ዘንግ ሰንጥቀህ አውጣና ዕቃው ቀዳዳ ውስጥ ጠበቅ አድርገህ ሰካው፤ እንደ ስፕሪንግ ተወጥሮ ይያዝ። ላላ ካለ በመሃላቸው ኦክሳይድ ይገባል፤ ኦክሳይድ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ያን ጊዜ ነው ቮልቱ ሽቅብ ወጥቶ አምፔሩ የሚሞትብህ። ዘንጉ ራሱም አኖዳይዝ ስለሚሆን በሚቀጥለው ዙር ጫፉን ሞርደህ ገላውን ሳታወጣ እንዳትጠቀምበት። እኔ ሁልጊዜ አሲዱ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ዕቃውን ይዤ ወዘወዝ አደርገዋለሁ፤ ዘንጉ ላይ ከተሽከረከረ አልከተውም።

ደግሞም በቮልት አትሥራ፣ በአምፔር ሥራ። የዕቃውን ስፋት ቁጠር። ወርዱ 20፣ ቁመቱ 15 ሚሊሜትር የሆነ ማዞሪያ ዙሪያውም ላይና ታቹም ሲደመር 16 ካሬ ሳንቲሜትር ግድም ነው። ስድስቱ አንድ ላይ ወደ 100 ካሬ ሳንቲሜትር ማለትም አንድ ካሬ ዴሲሜትር ይጠጋሉ። ለአንድ ካሬ ዴሲሜትር 1.2 አምፔር ስጠው፤ ቮልቱን ለራሱ ተወው፣ ከ12 እስከ 18 መካከል ቦታውን ያገኛል። በዚህ ልክ 45 ደቂቃ ወደ 18 ማይክሮን ያወጣልሃል። ለቀይ ይበቃል። ጥቁር ከፈለግህ አንድ ሰዓት አድርገው፤ ጥቁር ብዙ ቦታ ይፈልጋል። 15 ቮልት ላይ ቆልፈህ ስትሠራ ግን አንድ ዕቃም ስድስት ዕቃም ብትከት ምን ያህል አምፔር እንደገባ አታውቀውም፣ ቀለሙም ከዙር ዙር ይለያያል።

የባልዲው ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይሁን። ከ25 ካለፈ አሲዱ የሠራውን ኦክሳይድ መልሶ ይበላዋል፣ ላዩ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይሆናል። በዚህ በኩል የአገራችን ብርድ በረከት ነው፤ ቆላ ያሉት በረዶ ሲፈልጉ አንተ ባልዲውን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ብታቆመው ይበቃሃል።

ማዞሪያዎቹ ግራጫ የሆኑት በብረቱ ዓይነት ነው። ፒስተን ውስጥ 12 በመቶ አካባቢ ሲሊከን አለ፣ ቸርኬ ውስጥ 7 በመቶ ግድም። ሲሊከን ወደ ኦክሳይድ አይለወጥም፤ እንደነበረ ኦክሳይዱ መሃል ተሰግስጎ ይቀርና ያጠቁረዋል። የመስኮት ፍሬም 6063 የሚባለው የአሉሚኒየም ዓይነት ነው፤ ሲሊከኑ ከ0.6 በመቶ አይበልጥም፣ ለዚህ ነው እንደ መስታወት የሚያበራልህ። ስለዚህ የተቀለጠውን ለጥቁር ማዞሪያ ብቻ አድርገው፤ ጥቁር ላይ ግራጫው ይጠፋል። ለቀይና ለወርቃማ 6061 ወይም 6063 ድፍን ዘንግ ፈልግ። አሉሚኒየም የሚሸጡ ቤቶች ሄደህ ቁራጭ ጠይቅ፤ ሙሉውን ዘንግ እንድትገዛ አያስገድዱህም። የመስኮት ፍሬም ስትጠቀም ደግሞ ብዙው ቀድሞ አኖዳይዝ የሆነ ወይም የተቀባ ነው። ቅቡን በብርጭቆ ወረቀት አውርድ፤ አሮጌውን ኦክሳይድ ኮስቲክ ሶዳ ይበላዋል። በሊትር ውሃ 50 ግራም፣ ለብ ካለ አንድ ሁለት ደቂቃ። ዕቃው ላይ ጥቁር ነገር ከቀረ በጥርስ ብሩሽ እሸው።

ከዚያ በፊት በላርጎና በብሩሽ ጥሩ አድርገህ እጠብ፤ ውሃው ላዩ ላይ ሳይቋጠር በአንድ ላይ ከተዘረጋ ቅባቱ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅ አትንካው። የጣትህ አሻራ ቀለሙ ላይ ይወጣል፣ መቼም አይለቅም። ከአሲዱ ሲወጣ ደግሞ የብሎን ቀዳዳው ውስጥ የቀረው አሲድ በኋላ እየወጣ ዙሪያውን ያነጣዋልና ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ ቀዳዳውን በስሪንጅ ንጹሕ ውሃ እየረጨህ አጥራው። ሳይደርቅ ወደ ቀለሙ። ቀለሙ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ይሙቅ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ከ60 አታሳልፈው፤ ቀዳዳው ሳይጠግብ መዘጋት ይጀምራል።

መካኒኩ ያነሳው የአሲድ ጉዳይ እውነት ነው። ማቅጠን ሲሆን አሲዱን ወደ ውሃው በቀስታ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። መነጽርና ጓንት ይኑርህ። ኔጌቲቩ ላይ የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጂን ነው፣ የአሲድ ብናኝም ይዞ ይወጣል፤ ማጀት ውስጥ ሳይሆን በረንዳ ላይ፣ እሳት በሌለበት። የተረፈውን አሲድ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጥ። ይህንን የምለምንህ ነው። ሰው ውሃ መስሎት አንስቶ ይጠጣዋል። በወፍራም ጀሪካን አድርገህ፣ በትልቁ ጽፈህበት፣ ቆልፍበት።

ከቨርጂኒያ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የ92 ዲግሪውን ነገር አሁን ገና ነው የሰማሁት። እኔ ለብስክሌት የሚሆኑ ትንንሽ ነገሮች እሠራለሁ፤ እዚህ ድስት ውስጥ አፍልቼ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ለካ ቦታው ነው!

ውጭ አገር ላሉ አንባቢዎች አንድ ነገር ልጨምር። የባትሪ አሲድ መያዝ ለሚፈሩ ሰዎች የመዋኛ ገንዳ ዕቃ የሚሸጥበት ቤት ፒኤች ዳውን የሚባል ዱቄት አለ። ጀርባው ላይ ሶዲየም ባይሰልፌት የሚል መኖሩን እዩ። ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ትንሽ ቮልት ጨመር ይፈልጋል እንጂ። ፈሳሹን ፒኤች ዳውን ግን አትግዙ፣ ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ክሎራይድ አሉሚኒየሙን ይበሳሳዋል። የቧንቧ ውሃ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለቀለም እኔ ሪት የሚባለውን የልብስ ቀለም ነው የምጠቀመው። የሱፍ ማቅለሚያ አሲድ ዳይም ይሠራል። ክራር ሠሪ፣ አንተ የትኛውን ነው የተጠቀምከው?

ክራር ሠሪ

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ቴርሞሜትር ከትቼ አየሁት፣ እውነትም 92 ላይ ቆመ። አሮጌ ፕሬዠር ኩከር ገዝቼ የበርኩማ ሳህን በእንፋሎት ዘጋሁ፤ ከሥር የቀረው ውሃ ትንሽ ሮዝ ከመሆኑ በቀር ቀዩ እንዳለ ነው። ነጭ ጨርቅ አርጥቤ አሸሁት፣ ምንም አልያዘም። ሽቦውንም እንዳሉት ከፍሬም ሰንጥቄ አወጣሁ፣ አምፔሩ ከዚያ ወዲህ አልወረደም።

ከቨርጂኒያ ላልከኝ፦ የምጠቀመው መርካቶ አለላ ለሚነክሩ እናቶች የሚሸጠውን ዱቄት ነው። ቀዩ ይይዛል፣ አረንጓዴው ግን ጨርሶ አይገባም፤ በውሃ ሲታጠብ ሁሉም ይወጣል።

አሁን ሌላ ነገር መጣ። በርኩማውን መልሼ ክራሩ ላይ ስገጥመው አምፕሊፋየሩ ይጎረመርማል። ክሩን በእጄ ስነካው ድሮ ጸጥ ይል ነበር፣ አሁን ግን ብነካውም አይለወጥም። ፒካፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን) አልነካሁትም። ከአኖዳይዙ ጋር ይገናኝ ይሆን?

ጋሽ ቶርኖ

ይገናኛል። ደስ ብሎኛል፣ ቀለሙ ተይዟል ማለት ነው።

መጀመሪያ ስለ አረንጓዴው። እነዚህ ቀዳዳዎች የሚይዙት ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን ቀለም ነው፤ አሲድ ዳይ የሚባለው ወገን። ፖዘቲቭ የሆነው ወገን ገለባና ክር ላይ ግሩም ሆኖ ይይዝና አሉሚኒየም ላይ አይገባም። ዱቄቱ ላይ ዓይነቱ ስለማይጻፍ አዲስ ቀለም ስትገዛ መጀመሪያ በማይፈለግ ቁራጭ ሞክረው። ወርቃማ ለመሥራት ከፈለግህ ደግሞ ፌሪክ አሞኒየም ኦክሳሌት የሚባል የብረት ጨው አለ፤ ፋብሪካ የሚሠራቸው ወርቃማ እጀታዎች ብዙዎቹ በእሱ የተነከሩ ናቸው፣ ፀሐይም አይጎዳቸውም። ኬሚካል የሚሸጡ ቤቶች ጠይቅ።

አሁን ወደ ጉርምርምታው። የኤሌክትሪክ ክራር ክሮቹ በበርኩማው በኩል ከጃኩ (የአምፕሊፋየሩ ገመድ ከሚሰካበት) ግራውንድ ጋር ይገናኛሉ አይደል? ያንን መንገድ ነው የዘጋኸው። ኦክሳይዱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የግራውንድ ሽቦህ ከሥር ቢነካውም፣ ክሩ ከላይ ቢነካውም፣ መሃላቸው ተቆርጧል። ቴስተርህን ድምፅ ላይ አድርገህ ሁለቱን ጫፍ የበርኩማው ላይ አስቀምጥ፤ አይጮኽም። ይህ መጥፎ ዜና አይደለም። ሽፋኑ በደንብ መሠራቱን የምታውቀውም በዚሁ ነው፤ የሚጮህበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ኦክሳይድ አልያዘም።

የምታደርገው እንዲህ ነው። ለማንጠልጠል የሰካህበት ቀዳዳ ውስጥ ዘንጉ የነካው ቦታ ምንጊዜም ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ያንን ቀዳዳ ገና ሥራውን ስታስብ በርኩማው ሥር፣ የግራውንድ ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ብሳው። አንዱ ቀዳዳ ሁለት ሥራ ይሠራልሃል፣ ከፊትም አይታይም። አሁን በእጅህ ላለው ደግሞ ከሥር የብሎኑ ራስ የሚያርፍበትን ያህል በብርጭቆ ወረቀት ገላውን አውጣ።

ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ጎድጓዳዎች ግን ከተዘጋ በኋላ በቀጭን ክብ ሞረድ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋቸው። ቀለም ብቻ ሳይሆን ነጩ ብረት እስኪታይ። ለሚቀጥለው ጊዜ ከአሲዱ በፊት ጎድጓዳዎቹን በጥፍር ቀለም ሙላቸው፤ ከተዘጋ በኋላ በአሴቶን ይለቃል፣ ከሥሩ ያለው ጥሬውን ይቆያል። ጠርዙ ጥርት ብሎ ስለሚወጣ እኔ ይህንኛውን እመርጣለሁ፤ ሞረድ ቀዩን ሊቧጥጥብህ ይችላል። ኮስቲኩን ግን ጥፍር ቀለሙን ከመቀባትህ በፊት ጨርስ፣ ሶዳው ያስለቅቀዋል።

የመቃኛዎቹንና የማዞሪያዎቹን እንዳሉ ተዋቸው፣ እነሱ ግራውንድ አያስፈልጋቸውም። ክሮቹን ከመመለስህ በፊት አንዱን የቴስተር ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ፣ ሌላውን የጃኩ ውጫዊ ብረት ላይ አድርግ። በስድስቱም ጎድጓዳ ከጮኸ ክሩን አስር።